አጥሩን ከመነቅነቅሽ በፊት

ልጄ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ለምትወጂው የቴስት ፍሬምወርክ የግሬድል ድጋፍ ልጨምርለት ነው ብለሻል። ሆሳዕና ተቀምጠሽ፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ትምህርትሽን ገና ሳትጨርሺ፣ ብዙ ሰው የሚሠራበትን ኦፕን ሶርስ ዕቃ ላሻሽል ማለትሽ አኩርቶኛል። ኮዱን እንዴት ልጻፈው ለሚለው ጥያቄሽ ግን መልሱ እኔ ዘንድ አይደለም፤ የግሬድል ዶክመንቴሽን ከእኔ አብልጦ ያስተምርሻል። እኔ የምመክርሽ ከኮዱ በፊትና ከኮዱ በኋላ ስላለው ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላልና መከራው ሳይቀድመኝ ልናገር።

ጓደኞችሽም ያነቡት ይሆናልና ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ቴስት ፍሬምወርክ ፕሮግራመር የጻፈው ኮድ እንዳሰበው መሥራት አለመሥራቱን የሚፈትሽበት ዕቃ ነው። ቢልድ ቱል ደግሞ ኮዱን ኮምፓይል የሚያደርግ፣ ብዙ ጊዜም የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ከኢንተርኔት የሚያመጣ፣ ቴስቱን የሚያስነሳ፣ በመጨረሻም ሁሉን አሽጎ የሚያወጣ ነው። በጃቫ ሰፈር አንት፣ ሜቨንና ግሬድል አሉ፤ በሲ ሰፈር ሜክና ሲሜክ። ፍሬምወርኩን የሚሠሩት ሰዎች ሌሎች፣ ቢልድ ቱሉን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። የሪሊዝ ቀናቸው አይገጥምም፤ ጠባያቸውም ለየቅል ነው። አንዱ ሌላውን ካላወቀው ተጠቃሚው ቴስቱን በእጁ እየጠራ ሊኖር ነው።

አንቺ ልትሠሪ ያሰብሽው በእኔ ዓይን የሽምግልና ሥራ ነው። በእኛ ሀገር ልጅ ስትጠየቅ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው የሁለቱንም ቤት ጠባይ ያውቃል፤ የአንዱን ቃል ለሌላው ሳያጣምም ያደርሳል፤ ጋብቻው ከጸና በኋላ ግን በየጠዋቱ ከሙሽሮቹ ጓዳ አይገኝም። ይህችን የመጨረሻዋን ያዢልኝ።

በዓለም ላይ ከታዩት የዚህ ዓይነት ሽምግልናዎች ሁሉ እኔ የምወደው የጄዩኒትን ነው። ጄዩኒት እ.ኤ.አ. በ1997 ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የጀመሩት የጃቫ ቴስት ፍሬምወርክ ነው። ትንሽና ግልጽ ስለነበር ሁሉም ወደደው። በ2006 አራተኛው ቨርዥን ወጣ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር እየከበደ መጣ፦ ኤክሊፕስን የመሰሉ ኤዲተሮችና ቢልድ ቱሎች ቴስት ለማስነሳት የሚገቡበት የተመደበ በር አልነበራቸውም። ስለዚህ በሪፍሌክሽን፣ አንድ ኮድ የሌላውን ኮድ ውስጥ በሚመረምርበት ዘዴ፣ የውስጡን ክፍል እየከፈቱ ገቡ፤ የግል የሆኑትን ፊልዶች ሳይቀር በስማቸው እየጠሩ ይጠቀሙባቸው ጀመር። የጄዩኒት ሰዎች በገዛ ቤታቸው አንድ የውስጥ ስም ሲለውጡ ማዶ ያለ፣ ያላሰቡት ሰው ዕቃ ይሰበራል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንላለን። እዚህ ግን ባለቤቱን የናቀ አልነበረም፤ በር ያጣ ሁሉ ነው በአጥር የገባው።

መፍትሔው ቤቱን እንደገና መሥራት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄዩኒት ላምዳ በሚል ስም መዋጮ ተጠርቶ ከ50 ሺህ ዩሮ በላይ ተሰበሰበ። አምስተኛው ቨርዥን ሴፕቴምበር 10 ቀን 2017 ወጣ፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 2009፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። ዋናው ነገር ቤቱ ለሁለት መከፈሉ ነበር። ቴስት ለሚጽፍ ሰው ጁፒተር የሚባል አንድ በር፣ ቴስት ለሚያስነሳ ዕቃ ደግሞ ላውንቸር የሚባል ሌላ በር ተሰጠ። ከእንግዲህ ማንም በአጥር አይግባ ተባለ።

በሩ ቢከፈትም ገቢ አልነበረም። ግሬድልም ሜቨንም ላውንቸሩን ገና አያውቁትም። የጄዩኒት ቡድን እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም፤ ለግሬድል ፕለጊን፣ ሜቨን ቴስት ለሚያስነሳበት ለሹርፋየር ደግሞ ማገናኛ ራሱ ጻፈ። ልብ በይ፣ እነዚህ የእነሱ ሥራ አልነበሩም፤ ግን ያለ ፕለጊኑና ያለ ማገናኛው አዲሱን ቨርዥን የሚሞክር አይገኝም ነበር። ከዚያ በፌብሩዋሪ 2018 ግሬድል 4.6 ድጋፉን ከራሱ ይዞ መጣ። በጁን ሹርፋየር 2.22.0 ተከተለ። አንትም እርጅናው ሳይከለክለው በዚያው ዓመት በ1.10.3 ለላውንቸሩ የሚሆን ትእዛዝ ጨመረ። ይሄኔ የጄዩኒት ሰዎች ምን አደረጉ? የግሬድል ፕለጊናቸውን የጄዩኒት 5 መሠረት በሆነው በፕላትፎርም 1.2 ላይ "ከእንግዲህ አትጠቀሙበት" ብለው በ1.3 አቆሙት። የሹርፋየሩን ማገናኛም በ1.3 አስጠንቅቀው በ1.4 አቆሙት። ለፍተው የጻፉትን ኮድ በደስታ ጣሉት። ሽማግሌው ከጓዳ ወጣ ማለት ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ለአንቺም የምሰጥሽ ያንኑ ነው። ድጋፍ ስትጨምሪ ኮድ ሳይሆን አደራ ነው የምትጨምሪው፤ አደራው ደግሞ በትክክለኛው ባለቤት እጅ እስኪገባ ድረስ ያንቺ ነው። ግሬድል በየጥቂት ወሩ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፤ በየትልቁ ቨርዥንም አሮጌ ነገር ያስወግዳል። ዛሬ የሚሠራው ፕለጊንሽ የዛሬ ዓመት በራሱ ጊዜ ይሰበራል፣ አንቺ አንዲት ፊደል ሳትነኪ። ያኔ ኢሹ፣ ማለትም የችግር ማመልከቻ፣ የሚከፈተው በማን ላይ ነው? አንቺ ተመርቀሽ ሥራ ይዘሽ ከሆነ ያ ሸክም ፍሬምወርኩን በነፃ በሚጠብቁት ሁለት ሦስት ሰዎች ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ጠባቂዎቹ ጥሩ የሚመስል ሥራ አይተው እሺ ለማለት ሲያመነቱ ክፋት እንዳይመስልሽ፤ ሎሚውን እየቆጠሩ ነው።

ስለዚህ አንድ መስመር ኮድ ከመጻፍሽ በፊት ጠይቂ። ፕሮጀክቱ ላይ ኢሹ ክፈቺ። ፍላጎቱ ምን እንደሆነ፣ አሁን ሰው በምን ዘዴ እያለፈው እንዳለ፣ ፕለጊኑ የት ቤት እንዲቀመጥ እንደምትፈልጊ ጻፊ። ሦስት ቤት አለ፦ የፍሬምወርኩ፣ የቢልድ ቱሉ፣ ወይም ለብቻው የቆመ ሦስተኛ። የእኔን አስተያየት ከፈለግሽ ለብቻው ጀምሪ፤ ሰው ከለመደው በኋላ ወደ አንዱ ቤት መግባት ይችላል። ከሦስት ሺህ መስመር ኮድ ጋር ሳይጠሩት የመጣ ፑል ሪኩዌስት (ኮዴን አስገቡልኝ የሚል ጥያቄ) ግን እንግዳ ከነጓዙ ሌሊት በር ሲያንኳኳ እንደማለት ነው፤ ደግ ሰው እንኳ ቶሎ አይከፍትም።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ፍሬምወርኩ የተመደበ በር እንዳለው አረጋግጪ። ቴስቶቹን የሚያስነሳ፣ ውጤቱን አንድ በአንድ የሚናገር የታወቀ ኤፒአይ ካለው በዚያ ግቢ። ከሌለው የመጀመሪያ ሥራሽ ፕለጊን ሳይሆን ያንን በር ማስከፈት ነው። በሪፍሌክሽን አቋርጦ መግባት ለአንድ ወር ያስደስታል፣ ከዚያ የጄዩኒት 4ን ታሪክ ይደግማል።

መቸኮልም አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በሶፍትዌር ግን አንዳንዴ ከዚህም የባሰ ይመጣል፦ ሲሮጡ የታጠቁት አልፈታም ይላል። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ ሜክን ሲጽፍ በትእዛዝ መስመር ፊት ታብ መኖር አለበት ብሎ ወሰነ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ነገሩ ጥሩ እንዳልሆነ ታወቀው፤ ግን ያን ጊዜ ደርዘን ያህል ተጠቃሚዎች ነበሩትና እነሱን ላስቸግር አልፈልግም ብሎ ተወው። ለአሥራ ሁለት ሰው ያዘነ ሰው ሚሊዮኖችን በታብና በስፔስ ሲያጣላ ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆነው። በፕለጊንሽ ውስጥ ለተጠቃሚ የምትሰጪው እያንዳንዱ የቅንብር ስም እንደዚያ ታብ ሊቀር ይችላልና ጥቂት ስም ስጪ። የማያስፈልገውን ምርጫ አትክፈቺ። ሌላ ጊዜ መጨመር ይቻላል፤ መንሳት ግን ጠብ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። ቀይ የሆነ፣ ማለትም የወደቀ፣ ቢልድ አያስፈራኝም። ቀይ ይጮሃል፣ ሰው ያየዋል፣ ይጠግነዋል። የሚያስፈራኝ ሳይሠራ አረንጓዴ የሆነው፣ አልፌአለሁ የሚለው ነው። ጄዩኒት 5 በወጣ ሰሞን ይህ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ሰውየው ቴስቶቹን በአዲሱ አጻጻፍ ጻፈ፤ ሹርፋየሩ ግን አሮጌ ነው። ወይም በግሬድል ፋይሉ ላይ "ዩዝ ጄዩኒት ፕላትፎርም" የምትለውን አንዲት መስመር ረሳ። ቢልዱ ሮጦ "ተሳክቷል" አለ። ከተጻፉት ቴስቶች አንድም አልተነሳም! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ጥፋቱ የሚታወቀው ሶፍትዌሩ ደንበኛ እጅ ከገባ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ይህን ቀድመው ያሰቡበት አሉ። የፓይተኑ ፓይቴስት አንድም ቴስት ካላገኘ የመውጫ ቁጥሩ 5 ነው፤ ዜሮ ብሎ "ሰላም ነው" አይልም። ሹርፋየር በልማዱ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ካላዘዘው በቀር። ግሬድል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 9.0 የቴስት ኮድ ተቀምጦ ሳለ አንድም ቴስት ካልተገኘ ቢልዱ እንዲወድቅ አደረገ። ዘግይቷል ባይ ነኝ፤ ቢሆንም ደግ አደረገ። ያንቺም ፕለጊን ከመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ይሁን።

ፕለጊንሽን ስትፈትኚ የመጀመሪያው ቴስት ሆን ተብሎ የሚወድቅ ይሁን፤ ቢልዱም አብሮት መውደቁን እዪ። ቀጥሎ ባዶ ፎልደር ስጪው። ቀጥሎ ስሙ የተሳሳተ ማጣሪያ። ከዚያ ቴስቱ መሀል ላይ ጄቪኤሙን የሚዘጋ ትእዛዝ ጻፊና ምን እንደሚል ተመልከቺ። ሹርፋየር እንዲህ ሲሆን "የተነሳው ጄቪኤም በወጉ ሳይሰናበት ሄደ" ዓይነት ቃል ይናገራል፤ እንደ ቅር የተሰኘ ባለቤት። ያን መልእክት ባየሁ ቁጥር ያስቀኛል፣ ግን ትክክል ነው፦ ቴስቱ አለቀ ሳይባል የሞተ ሂደት አለፈ ተብሎ መቆጠር የለበትም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር። የቴስት ሰው ይህን ተረት በየቀኑ ቢደግመው አይበዛበትም።

ሌላው ግሬድል ያልተለወጠ ሥራ አለመድገሙ ነው። ጊዜ የሚቆጥበው በዚህ ነው። መለወጥ አለመለወጡን የሚያውቀው ግን ግብዓቱና ውጤቱ ምን እንደሆነ አንቺ ስትነግሪው ነው። ቴስቱ የሚያነበውን አንድ ፋይል ሳትነግሪው ካለፍሽ፣ ፋይሉ ተለውጦ ሳለ የትናንቱን ውጤት አውጥቶ "አፕ ቱ ዴት" ይልሻል። ይህም ያው ያልሠራ አረንጓዴ ነው፣ በሌላ በር የገባ።

ሪፖርቱን በተመለከተ አዲስ ቅርጽ አትፍጠሪ። ሁሉም "ጄዩኒት ኤክስኤምኤል" የሚለው የሪፖርት ቅርጽ አለ። ስሙ የጄዩኒት ይሁን እንጂ የመጣው ከአንት ነው፤ ሁሉ የተስማማበት አንድ መደበኛ ደንብም ስለሌለው ዕቃው ሁሉ በየራሱ ዘዬ ይጽፈዋል። እንደዚያም ሆኖ ጄንኪንስም ጊትላብም ያነቡታል። የሚነበብ ነገር መጻፍ ይበቃሻል።

ስለ ዲፔንደንሲ አንድ ቃል ብቻ፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ሃያ መስመር የሚፈታውን ነገር ለማድረግ አራት ላይብረሪ የሚጎትት ፕለጊን አትጻፊ። ላይብረሪ ባመጣሽ ቁጥር ከተጠቃሚው ላይብረሪ ጋር በቨርዥን የሚጋጭበትን ቀን እያመጣሽ ነው።

ላይብረሪ ሁሉ የሚወርደው በኔትወርክ ነውና ይህ ደግሞ ወደ ሆሳዕና ይመልሰኛል። አንቺ ያለሽበት ቦታ ለዚህ ሥራ እንቅፋት ብቻ ይመስልሽ ይሆናል። መብራት መሄዱንና ኔትወርክ መቆራረጡን ጸጋ ነው ብዬ አላሞኝሽም። ግን የሚያሳይሽ ነገር አለ። ግሬድልን ለፕሮጀክቱ የሚያወርደው የግሬድል ራፐር አዲስ ቨርዥን በፈለገ ቁጥር ከ100 ሜጋባይት በላይ ያወርዳል። ፍራንክፈርት የተቀመጠ ሰው ይህን አያስተውለውም፤ ዋይፋዩ ሳይሰማው ያልፋል። የዳታ ጥቅል ገዝተሽ የምትሠሪ አንቺ ግን እያንዳንዷን ሜጋባይት ታውቂያታለሽ። እንግዲያው ፕለጊንሽን ኢንተርኔት ዘግተሽ፣ ኦፍላይን በሚለው ምርጫ ሞክሪው። አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራል? ማውረዱ መሀል ላይ ቢቋረጥ ግማሽ ፋይል ይዞ ይቀራል ወይስ እንደገና ይጀምራል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰው በጠባቂዎቹ መሀል ብርቅ ነው።

ፊደላችንም እንዲሁ። ጃቫ የሜተድን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል፤ "ድምሩ_ልክ_ነው" ብለሽ ቴስት ብትሰይሚ ኮምፓይለሩ አይከራከርሽም። ችግሩ የሚመጣው ስሙ ከኮምፓይለሩ ወጥቶ ወደ ማጣሪያው፣ ወደ ኮንሶሉና ወደ ሪፖርቱ ሲጓዝ ነው። ጃቫ እስከ ቨርዥን 17 ድረስ የጽሑፍ ኢንኮዲንግ ካልተነገረው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይወርስ ነበር፤ በዊንዶውስ ላይ "ድምሩ" የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። ዩቲኤፍ-8 መነሻ ሆኖ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ጃቫ 18 ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ዘመን አልፏል፤ እስካሁን መንገድ ላይ የሚጥለው ዕቃ ግን ሞልቷል። ያንቺ ፕለጊን አይጣለው። ማሳያ ፕሮጀክት ካስፈለገሽም የዘመን አቆጣጠራችንን ውሰጂ፤ ጆዳ ታይምና ትሪቴን ኤክስትራ የሚባሉት የጃቫ ላይብረሪዎች የኢትዮጵያን ካላንደር ይዘዋል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ያለች፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሌለች መሆኗን የሚያረጋግጥ ቴስት ጻፊ። አሥራ ሦስተኛ ወር ያላየ ፈረንጅም ቴስት ለምን እንደሚያስፈልግ ወዲያው ይገባዋል።

ብቻሽን አትሞክሪው ደግሞ። በዩኒቨርሲቲሽ የዱራሜ ካምፓስ ጓደኞች አሉሽ፤ ሾኔና ሺንሺቾም ላፕቶፕ ይዘው የገቡ ልጆች አይጠፉም። የአንዱ ዊንዶውስ አሮጌ፣ የሌላው ሊኑክስ፣ የሦስተኛው ሜሞሪ 4 ጊጋባይት። ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን ዓይነት ድብልቅ ለማግኘት ሰርቨር ይከራያሉ። ለሀዲያው በዓል ለያሆዴም ሆነ ለከምባታው ለመሳላ ሁላችሁም ወደ ቤት ስትሰባሰቡ ላፕቶፖቹም አብረው ይመጣሉ፤ ከበዓሉ ማግስት አንድ ከሰዓት በኋላ ፕለጊኑን በሁሉም ላይ አስነሱት። የወደቀበትን ማሽን ከነቨርዥኑ መዝግቢ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በብዙ አፍ ተላምጦ ጣዕሙ አልቋል፤ እዚህ ላይ ግን እውነት ነው።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶኛል። እንግዳ ሰው የቢልድ ስክሪፕት ሲነካ ጠባቂዎች ለምን እንደሚደነግጡ እወቂ። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ወደ ኮምፒውተሩ በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ሌላ ሰው ቢሆን ቡናውን ይጠጣ ነበር። እሱ ግን ምክንያቱን ተከታትሎ ኤክስዜድ ዩቲልስ በሚባል፣ የሊኑክስ ዓለም በሚጠቀምበት የፋይል መጭመቂያ ውስጥ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ደህና ሥራ እየሠራ፣ የደከመውን ጠባቂ እያገዘ አመኔታ አግኝቶ ነበር። መርዙን የት ደበቀው መሰለሽ? ለቴስት ተብለው በተቀመጡ ባይነሪ ፋይሎች ውስጥ። ማን አወጣው? የቢልድ ስክሪፕቱ። ሁለቱም ያንቺ ሥራ ሰፈር ናቸው።

እንግዲህ አንቺን ማንም ሌባ ብሎ አይጠራሽም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬ የሙያው ወግ ሆኗል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ስለዚህ ፑል ሪኩዌስትሽ ትንሽና ተነባቢ ይሁን። ባይነሪ ፋይል አታስገቢ። የግሬድል ራፐር ጃር የምትባለዋን ፋይል ጉዳይሽ ካልሆነች አትንኪያት፤ ብዙ ፕሮጀክቶች እሷን በቼክሰም ይመረምሯታል፣ ያለምክንያት የተለወጠች እንደሆነ ፑል ሪኩዌስቱ እዚያው ይቆማል። የኮንትሪቢውተር ስምምነት ካለ አንብበሽ ተቀበዪ፤ ጄዩኒትም ይህን ይጠይቃል። አስተያየት ሲሰጥሽ ቶሎ አትመልሺ፣ በደንብ መልሺ። "ለምን እንዲህ አደረግሽ?" የሚል ጥያቄ ስድብ አይደለም።

ስለ ገንዘቡም ሳልናገር ባልፍ ሽማግሌ አልባልም። ከሀዲያና ከከምባታ ስንት ልጅ ሞያሌን ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ዕድሜውን አስይዟል። ኦፕን ሶርስ የዚያ ምትክ ነው ብዬ አልሰብክሽም፤ ደመወዝ አይደለምና። ጎግል ሰመር ኦፍ ኮድና አውትሪቺ የሚባሉት የኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞች ለጀማሪዎች ድጎማ ይከፍላሉ፣ ፉክክሩም ብርቱ ነው፤ ይህ ሥራሽ ለማመልከቻው ጥሩ ምስክር ይሆንሻል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ በ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ሰርተፍኬት የያዘ ልጅ ከሆሳዕናም አይጠፋም። ሰርተፍኬቱን አልነቅፍም። ቀጣሪ ግን የወረቀቱን ቁጥር ሳይሆን የማያውቁሽ ሰዎች ኮድሽን መርምረው የተቀበሉበትን ገጽ ሲያይ ነው ወንበር የሚስብልሽ።

ኮድሽ ከገባ በኋላ ያለውን ልበልና ላብቃ። ለአንድ ዓመት ያህል አዲስ የግሬድል ቨርዥን በወጣ ቁጥር ፕለጊንሽን ሞክሪው፤ የሚሞክረው በቀጠሮ የሚሮጥ ቢልድ ይሁን እንጂ አንቺም ውጤቱን እዪ። የትኛው ቨርዥን ከየትኛው ጋር እንደሚሠራ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሪድሚው ላይ አኑሪ። መቀጠል ካልቻልሽ ሳትደበቂ ጻፊ፤ ጠፍቶ የቀረ ጠባቂ ከመጀመሪያው ካልመጣ ይከፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ቀን ፍሬምወርኩ ወይም ግሬድል ራሱ ይህን ሥራ ከተረከበሽ የጄዩኒትን ሰዎች አስቢ፦ አስጠንቅቂ፣ መሸጋገሪያውን ጻፊ፣ ከዚያ ፕለጊንሽን አቁሚው።

ነገ ኢሹውን ክፈቺ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ችግሩ፣ አሁን ሰው የሚያልፍበት ዘዴ፣ ያንቺ ሐሳብ፣ ለምን ያህል ጊዜ ልትጠብቂው እንደምትችዪ። መልሱ ሳምንታት ቢወስድ አትቆጪ፤ ጠባቂዎቹም የቀን ሥራ አላቸው። እስከዚያው የሚወድቀውን ቴስት ጽፈሽ ቆዪ፤ የዱራሜዎቹንም ከአሁኑ ንገሪያቸው፣ ሞካሪ ያስፈልግሻል።